አሮጌዋን ሲቲካር ወደ ሊቲየም ባትሪ ስቀይር የገጠመኝ ችግር

በ1976 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ሲቲካር የተባለች ባለ ሁለት መቀመጫ የኤሌክትሪክ መኪና እያደስኩ ሳለ መላ ያጣሁለት ችግር ስለገጠመኝ፣ ሙያው ያላችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መኪናዋ የምትሠራው በስምንት ባለ 6 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪዎች ሲሆን፣ ፍጥነቷም የሚለወጠው ኮንታክተሮች (ብዙ ከረንት የሚያገናኙና የሚያቋርጡ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያዎች) ባትሪዎቹን አንዴ በ24፣ አንዴ በ48 ቮልት እያገናኙ ነበር። ኮንታክተሮቹን ስፈታቸው ጫፎቻቸው በብልጭታ ተቦርቡረውና ጠቁረው አገኘኋቸው። በአንድ ቢኤምኤስ (ባትሪውን የሚቆጣጠርና ከጉዳት የሚጠብቅ ሰርኪት) ሥር ያለ የሊቲየም ባትሪም እንደዚያ ለሁለት እየተከፈለ ሊሠራ ስለማይችል፣ ባለ 16 ሴል፣ 51.2 ቮልት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል ከሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክ ኮንትሮለር ጋር ገጠምኩ። ሞተሩን ግን የካርቦን ብሩሾቹን ብቻ ለውጬ አቆይቼዋለሁ፤ ይህን ያህል ዘመን ያገለገለ ሞተር መጣል አልሆነልኝም።

አሁን ዋናውን ማብሪያ ባበራሁ ቁጥር «ጧ» የሚል ድምፅ ከሰማያዊ ብልጭታ ጋር ይወጣና ቢኤምኤሱ ወዲያውኑ ኃይሉን ይቆርጣል። ሞተሩን ነጥዬ ስሞክርም ያው በመሆኑ፣ ባዶ የሆኑት የኮንትሮለሩ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) በቅጽበት ብዙ ከረንት እየሳቡ ይመስለኛል። ካፓሲተሮቹን ቀድሞ በዝግታ የሚሞላ ሬዚስተር ልገጥም አስቤአለሁ፤ ስንት ኦምና ስንት ዋት ቢሆን ይሻላል? ዋናው ኮንታክተር ከመገናኘቱ በፊትስ ስንት ሰከንድ ልጠብቅ?