ተራራ ላይ ያለች ሪዞርት ከተማ፣ 7 ሰው፣ ራት የት ነው ሚበላው? (ባለፈው ብስኩት በልተን ነው ያደርነው)

ደመና_ላይ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስቲ ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ። በሚቀጥለው ወር ቤተሰቡን ሰብስበን ተራራ ላይ ያለች አንዲት ሪዞርት ከተማ 4 ሌሊት ልናድር ነው፣ ከፍታዋ ወደ 2400 ሜትር ነው፣ ጊዜው ደግሞ ከተማዋ በእንግዳ ጢም የምትልበት ሲዝን። 7 ነን፣ እናቴ (72 ዓመቷ ነው)፣ ሁለት ልጆች፣ ወንድሜና እጮኛው፣ እኔና የትዳር አጋሬ። ማደሪያው ተይዟል ተከፍሏል፣ እንቅልፍ የነሳኝ ምግቡ ነው።

ምክንያቱም የዛሬ ሁለት ዓመት እንደዚሁ ዓይነት ቦታ ሄደን ጉድ ሆነን ነበር። የመጀመሪያው ቀን ማታ ወንድሜ "በኦንላይን ጠረጴዛ ይዣለሁ፣ 2 ሰዓት ላይ ነው" አለን፣ እኛም ታጥበን ለብሰን ስንደርስ በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ስሙን ፈልጋ ፈልጋ "እናንተ እኮ የተያዘላችሁ ለቀን ነበር" አለችን። ለካ ሰውየው 2:00 ብሎ የሞላው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ማለትም ከቀኑ 8 ሰዓት! ጠረጴዛው ባዶውን ሲጠብቀን ውሏል፣ ሳይመጡ ቀሩ ተብሎም ከካርዱ ላይ ተቆርጧል። ከዛ ልጆች እያለቀሱ አራት ምግብ ቤት ዞርን፣ ሦስቱ ሙሉ ነው አሉን፣ አራተኛው ቦታ ነበረው ግን "ኪችን ተዘግቷል"፣ ገና 3 ሰዓት ከሩብ እኮ ነው! ብስኩትና ጁስ ከሱቅ ገዝተን አልጋ ላይ ተቀምጠን በላን።

በማግስቱ ደሞ ኬብል ካሩ (በገመድ ተንጠልጥሎ ተራራ ሚያወጣው) ሚያደርስበት ጫፍ ላይ ያለ እይታው ጉድ የሆነ ቦታ ወጣን፣ እናቴ ሻይ አዘዘች፣ "ይሄ ውሃ አልፈላም" ብላ መለሰችው፣ ሁለተኛ መጣ እሱንም መለሰችው፣ አስተናጋጁ ሊምል ምንም አልቀረው። የኔ የባቄላ ሾርባ ደግሞ ባቄላው ጥርስ ይሰብራል።

እና ለ7 ሰው እንዴት ነው ቦታ ሚያዘው? ሆቴላችን ራት ያካተተ ፓኬጅ አለው፣ እሱን ልያዝ ወይስ ውጪ ይሻላል? እይታ ያለውን ቦታስ እርግፍ አድርጌ ልተወው? እናቴን ድጋሚ ብስኩት ካበላኋት ከቤተሰብ መባረሬ ነው።

ትሪ_ተሸካሚ፦
ሃሃሃ ይቅርታ ወንድሜ ግን የ2 ሰዓቷን ሳነብ ቡናዬን ነው የደፋሁት። እኔ እንደዛ ዓይነት ከተማ ውስጥ ሁለት ሲዝን አስተናጋጅ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ከውስጥ እንዴት እንደሚታይ ልንገርህ።

እዛ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ነው ሚርበው። ቀኑን ተራራ ላይ ይውላል፣ ኬብል ካሩ ሲዘጋ አንድ ላይ ይወርዳል፣ አንድ ላይ ሻወር ይወስዳል፣ ከዛ 1 ሰዓት ሲሆን ከተማው በሙሉ በር ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ምግብ ቤቶቹ ማታውን ሁለት ዙር ይከፍሉታል፣ የኛ ቤት አንደኛው 12 ሰዓት ተኩል ሁለተኛው 2 ሰዓት ተኩል ነበር። በመሀል 1 ሰዓት ተኩል ላይ 7 ሰው ይዘህ ብትመጣ ሁለቱንም ዙር ነው ምታበላሽብን፣ ጨዋ ብትሆንም ሙሉ ነው ትባላለህ። ደሞ አብዛኛው ጠረጴዛ የ2 እና የ4 ሰው ነው፣ ለ7 ሰው ሁለት ባለ 4 ተገጥሞ አንድ ወንበር ባዶ ይቀራል፣ ባለቤቱ ይሄን አይወድም። "4 እና 3 ሆነን ጎን ለጎን ብንቀመጥ ችግር የለብንም" ብለህ ደውል፣ በኦንላይን አይደለም በስልክ፣ ኦንላይኑ ብዙ ጊዜ ከ6 ሰው በላይ አይቀበልም። ልጆችና ትልቅ ሰው ስላሉህም የመጀመሪያውን ዙር ያዝ።

ኪችን ለምን ቶሎ ይዘጋል ላልከው፣ ስንፍና እንዳይመስልህ። ከተማው ውስጥ ያለው ቤት በሙሉ ለእንግዳ በሌሊት ነው ሚከራየው፣ ሰራተኛው ማደሪያ የለውም። እኔ ራሴ ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ ታች ሸለቆው ውስጥ ነበር ምኖረው፣ በአውቶብስ 40 ደቂቃ። የመጨረሻው አውቶብስ ሚሄደው 4 ሰዓት ከሩብ ነበር፣ እሱ ካመለጠህ በእግርህ ነህ። ስለዚህ ኪችናችን ሚዘጋበትን ሰዓት ባለቤቱ ሳይሆን አውቶብሱ ነበር ሚወስነው ብልህ አልዋሸሁም። አንዳንድ ቤት ደሞ ሰው ስላጣ ብቻ በሳምንት ሁለት ቀን ይዘጋል፣ እንግዳ እየተሰለፈበት!

አንድ ምስጢር ልጨምርልህ፣ ሰረዝን ብለው ሚደውሉ ሰዎች አይጠፉም፣ በተለይ አየሩ ሲበላሽ። በረዶ ወይ ናዳ መንገዱን ከዘጋው ከታች ይመጡ የነበሩት እንግዶች አይደርሱም፣ እኛ ጋ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል። በዛው ቀን ከ10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ውስጥ ደውለህ ጠይቅ። ምግቡም ግን አብሮ በዛው መንገድ ነው ሚመጣውና በእንደዛ ቀን ሜኑ ላይ ካለው ግማሹ የለም ቢሉህ አትናደድ። አንዳንዷ ከተማ ጋማ ጭራሽ መኪና አይገባም፣ ስዊዘርላንድ ያለችው ዜርማት ለምሳሌ የነዳጅ መኪና ክልክል ነው፣ እንግዳው መኪናውን ታች ታሽ ሚባል መንደር ላይ አቁሞ በባቡር ነው ሚወጣው፣ ከተማው ውስጥ እቃውን ሚያዞሩት ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው።

እሳት_ዳር፦
በሻዩ ጉዳይ እናትህ ልክ ናቸው፣ አስተናጋጁም ልክ ነው። ሼፍ ነኝ፣ ይሄ ክርክር በሳምንት ሦስቴ ያጋጥመኝ ነበር።

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ሚባለው ባህር ወለል ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፣ አንተ ምትሄድበት 2400 ሜትር ላይ 92 አካባቢ ይፈላል ማለት ነው፣ ኬብል ካሩ ጫፍ ላይ 3000 ከሆነ ደግሞ 90። እየተንፈቀፈቀ ነው ግን 90 ነው! ጋዙን ምንም ብትከፍተው ከዛ አያልፍም፣ ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅም። ጥቁር ሻይ ደሞ በጣም የሞቀ ውሃ ስለሚፈልግ ቀለሙም ጣዕሙም ይሰንፋል። እናትህን ረዘም ላለ ደቂቃ ይዘፍዝፉት በላቸው፣ ካልሆነ ቡና ይጠጡ፣ የኤስፕሬሶ ማሽን ውሃውን ዘግቶ በግፊት ስለሚያሞቀው እና መጀመሪያውኑም ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ስለሚበቃው ተራራው ብዙም አይጎዳውም።

ባቄላው ያው ነው። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ በውሃ ሚበስል ነገር በሙሉ ጊዜ ይወስዳል፣ ባቄላ ደሞ ፕሬዠር ኩከር ከሌለ አይታሰብም፣ ያ ቤት ወይ ድስቱ የለውም ወይ ሲዝን ስለሆነ ቸኩለውበታል። ጥብስ ነገርም ቢሆን ዘይቱን እንደ ታች ካጋሉት ውጪው ሲጠቁር ውስጡ ገና ነው፣ ምክንያቱም ምግቡ ውስጥ ያለው እርጥበት እዛ በትንሽ ሙቀት ነው ሚተነው። ኬክም ቶሎ ይነፋና መሀሉ ይሰረጉዳል፣ ለውጥ ካልተደረገበት።

እና ምን ልዘዝ ካልከኝ፣ ፍም ላይ የተጠበሰ፣ ኦቨን የገባ፣ ወይ ከጠዋት ጀምሮ ሲንተከተክ የዋለ ወጥ ነገር። ሜኑው ባለ አንድ ገጽ ከሆነ ደስ ይበልህ፣ አርባ ዓይነት ምግብ የተጻፈበት ሜኑ እዛ ከፍታ ላይ ፍሪዘር ነው ማለት ነው፣ ትኩሱ ነገር በየቀኑ አይደርስማ።

አርፌ_ልብላ፦
እኔ አልስማማም ባጠቃላይ። 7 ሰው፣ ልጅ፣ አሮጊት፣ ምን ያንከራትታችኋል? ሆቴሉ ራት አለው ካለ ያዙት በቃ። ፎቅ ወርዶ መብላት ነው፣ ልጆቹ ቢተኙ ተሸክማችሁ ሊፍት ነው ምትገቡት፣ ማንም ሙሉ ነው አይላችሁም። እኔ ሦስቴ ሄጃለሁ ሦስቴም እንደዛ ነው ያደረግኩት።

ትሪ_ተሸካሚ፦
@አርፌ_ልብላ ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ ቡፌ ነው የበላሃው ማለት ነው? ሃሃ። እኔ ምመክረው ግማሽ ግማሽ ነው፣ አንዳንድ ሆቴል በቀን በቀን ይሸጥልሃል፣ የደረሱበትን ቀን ማታ ብቻ ይያዙት፣ ያን ቀን መንገድ ላይ ምን እንደሚያዘገይህ አታውቅም። ለሌላው ቀን ነጻ ሁን። አሮጊት ሚለውን ቃል ደሞ ሰውየው እናቴ ብሎ እየጻፈ፣ ኧረ በፈጠረህ!

ነጭ_ጋዋን፦
ነርስ ነኝ፣ ስለ ከፍታው ትንሽ ልበል። ከታች በአንድ ቀን 2400 ሜትር ሲወጡ አንዳንድ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት ማጣት ይሰማዋል፣ ብዙ ጊዜ ከደረሱ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው ሚጀምረው፣ ማለትም ልክ ራት ሰዓት ላይ! ስለዚህ የመጀመሪያው ማታ ትልቅ ግብዣ አታድርጉት፣ ቀለል ያለ ነገር ብሉ፣ ሾርባ፣ ዳቦ፣ እንደዛ። አልኮል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ብትተዉት ጥሩ ነው፣ የአልኮሉ ራስ ምታትና የከፍታው ራስ ምታት አይለይም። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃ ጠጡ። ልጆቹ አልበላም ካሉ አታስገድዷቸው፣ በማግስቱ ይመለስላቸዋል። እናትህ የደም ግፊት ወይ የልብ መድኃኒት ሚወስዱ ከሆነ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውን ያናግሩ፣ እና ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ወይ ሲያርፉም ትንፋሽ ካጠራቸው ወደ ታች መውረድ እንጂ መጠበቅ የለም።

ሸለቆ_ማዶ፦
ሁላችሁም ስለ ራት ብቻ ነው ምታወሩት፣ እኔ ምለው ለምን ምሳውን አታተልቁትም? ለብዙ ዓመት በየዓመቱ እንደዛ ዓይነት ከተማ እሄዳለሁ፣ በመጨረሻ የገባኝ ነገር ይሄ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሰው በሙሉ ተራራው ላይ ነው፣ ታች ከተማው ውስጥ ያሉት ምርጥ ምርጥ ቤቶች ባዶ ናቸው፣ ያቺ ማታ በስንት ልመና ምትገኘው የመስኮት ጠረጴዛ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ሼፉም አልተጣደፈም። አንዳንድ ቤት ከምሳ በኋላ እስከ ማታ ስለሚዘጋ ስንት ሰዓት ድረስ ትዕዛዝ እንደሚቀበሉ አስቀድመህ ጠይቅ እንጂ ሌላ ችግር የለውም። ከነጭ ጋዋን ምክር ጋርም ይሄዳል፣ ትልቁን ምግብ ቀን ላይ በልታችሁ ማታ ሾርባና ፍራፍሬ ክፍላችሁ ውስጥ ነው፣ እሱንም ከመውጣታችሁ በፊት ታች ሱቅ ግዙት፣ ላይ ምርጫ የለም። (የታሸገ ቺፕስ ከገዛችሁ ላይ ስትደርሱ እንደ ኳስ ተነፍቶ ታገኙታላችሁ፣ አልተበላሸም፣ ግፊቱ ነው፣ ልጆቹ ይወዱታል።)

እይታ ያለውንም አትተወው፣ ለምሳ ግን አይደለም። 5 ሰዓት ሳይሞላ ውጣ፣ ሰልፉ ከ6 እስከ 8 ነው፣ ሻይ ሳይሆን ቡናና ኬክ በል፣ ተራራውን እይ፣ ውረድ። እና በእግዜር የመጨረሻው ኬብል ካር ስንት ሰዓት እንደሚወርድ ትኬቱን ስትቆርጥ ጠይቅ፣ ንፋስ ከበዛ ከተባለውም ሰዓት በፊት ይቆማል፣ እኔ አንዴ ሂሳብ እስኪመጣ ስጠብቅ ሊያመልጠኝ ነበር፣ ሰራተኞቹ ጋር ነው የወረድኩት።

ደመና_ላይ፦
እግዜር ይስጣችሁ በጣም ነው የረዳችሁኝ። (ትሪ ተሸካሚ፣ ሴት ነኝ፣ ግን ወንድሜ ማለትህን ወድጄዋለሁ ቀጥልበት።)

የደረስን ቀን ማታ የሆቴሉን ራት ይዣለሁ፣ በቀን ይሸጣሉ አሉኝ እውነትም። ለሁለተኛው ቀን ደሞ በስልክ ደውዬ 4 እና 3 ሆነን ስላቸው ሴትዮዋ ድምጿ ራሱ ተቀየረ፣ ወዲያው ሰጡን። ሦስተኛው ቀን ምሳ ነው፣ አንድ የታወቀ ቤት ነው፣ ማታ ማታ ለሁለት ሳምንት ሙሉ ነው ያሉኝ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ስላቸው ግን የመስኮቱን ከፈለጋችሁ አሉኝ! እናቴ የ92 ዲግሪውን ነገር ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝና "እንግዲያው ፔርሙዜን ይዤ እሄዳለሁ" አለች፣ ከታች ያፈላችውን። ምግብ ቤት ውስጥ የራስን ሻይ ማውጣት ነውር ነው አይደል? ማን ይንገራት?

ወንድሜ ግን አስቸግሮኛል፣ ይሄን የሸለቆ ማዶን ጽሑፍ ካነበበ ጀምሮ ያኔ 8 ሰዓት የያዝኩት አውቄ ነው እያለ ለእጮኛው እያወራ ነው። ያራተኛውን ቀን እኔ ልያዝ ብሎ ነበር፣ ስልኩን ቀምቼዋለሁ።