የኦሃዮ ስቴትና የሚሺጋን ጨዋታ፦ ከወንድሜ ጋር አብሬ ልየው ወይስ ለየብቻችን?

የከዚራዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ለእኔ ግን ከኅዳር 2024 ወዲህ የቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ጨዋታዎቹ የሚታወሱት በዚያ ነው።

ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ከ2009 እስከ 2019 ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ኖሬያለሁ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ቅዳሜ ቅዳሜ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ውስጥ ምግብ እሸጥ ነበር። መጀመሪያ የአሜሪካ ፉትቦል ምኑም አልገባኝም። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል፤ ጥቂት ከሮጡ በኋላ ተደራርበው ይወድቁና ፊሽካ ይነፋል። እኛ የምንሠራው ግን ከመቀመጫዎቹ ሥር ነበር። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ብድግ ሲል ከራሳችን በላይ ያለው ኮንክሪት ይርገበገባል። ከጊዜ በኋላ ለምን እንደሚርገበገብ ማወቅ ፈለግሁ። አንዲት ባልደረባዬ በወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ፦ አንድ ቡድን ዐሥር ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ከገፋ እንደገና አራት ያገኛል፤ ካልገፋ ኳሱን ያስረክባል። ይህችን ከያዛችሁ ሌላው በራሱ ይመጣል።

ታናሽ ወንድሜ በ2014 ትምህርት ደርሶት ወደ አሜሪካ መጣ። የደረሰው ግን አን አርበር ነው፤ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ! ከኮሎምበስ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ከባድ ነው። ሁለቱ ግዛቶች በ1835 በቶሌዶ ከተማና በዙሪያዋ ባለ ጠባብ መሬት ተጣልተው ሚሊሻ እስከማሰለፍ ደርሰው ነበር። ቶሌዶ ለኦሃዮ ተወሰነች፤ ሚሺጋን በምትኩ ሰሜናዊውን ልሳነ ምድር ወስዳ በ1837 ግዛት ሆነች። ቡድኖቹ የተገናኙት ከዚያ ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ በ1897 ነው። ከ1918 ጀምሮ በ2020 ኮሮና እስኪያቋርጠው ድረስ አንድም ዓመት ሳይጋጠሙ አልቀሩም። ኮሎምበስ ውስጥ በጨዋታው ሳምንት የባላንጣውን ስም መጥራት ነውር ነው፤ «ያ የሰሜኑ ቡድን» ይባላል። በዩኒቨርሲቲው ግቢ በየምልክቱ ላይ ያለችውን ኤም ፊደል በቀይ ፕላስተር ይሰርዟታል። ሚሺጋንን ያሸነፈ የኦሃዮ ተጫዋች በሱሪ ቅርጽ የተሠራች ትንሽ የወርቅ ጌጥ ይሸለማል። ልማዱ የመጣው በ1934 የነበረው አሠልጣኝ «እነርሱም እንደ እኛ ሱሪያቸውን አንድ እግር አንድ እግር እያሉ ነው የሚለብሱት» ስላለ ነው።

በ2016 እዚያው ስታዲየም ውስጥ ነበርኩ። የዚያን ቀን 110,045 ሰው ገብቶ ነበር፤ በዚያ ሜዳ ታሪክ ትልቁ ቁጥር ነው። ጨዋታው በእኩል ውጤት አልቆ ወደ ሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት ሄደ። ሚሺጋን በሦስት ነጥብ ይመራል፤ የእኛ የመጨረሻ ሙከራ ነው፤ የቀረን አንድ ያርድ ነው። ኳርተርባካችን (ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ጄ ቲ ባሬት ኳሱን ይዞ ሮጠ፤ ከራሱ ሰው ጋር ተጋጭቶ መስመሩ ላይ ወደቀ። ዳኞቹ በቪዲዮ አይተው «ደርሷል» አሉ። በቀጣዩ ሙከራ ከርቲስ ሳሙኤል ዐሥራ አምስት ያርድ ሮጦ ገባ፤ 30 ለ 27 አለቀ። ሥራ ላይ መሆኔን ረስቼ የማላውቃትን አሮጊት አቅፌ አለቀስኩ። ያን ሌሊት ወንድሜ ከአን አርበር ደወለና ያለ ሰላምታ «አልደረሰም» አለኝ። ይኸው ስንት ዓመታችን፤ እርሱ «አልደረሰም» ይላል፣ እኔ «ደርሷል» እላለሁ። ይህን ክርክር እወደዋለሁ።

የከፋኝ የ2024ቱ ነው። ሁለታችንም ወደ አገር ተመልሰናል፤ እርሱ ሐረር ይኖራል። እናታችን ቤት ተሰበሰብን። ሁሉም ኦሃዮ በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል ብሎ በጠበቀው ጨዋታ በገዛ ሜዳችን 13 ለ 10 ተሸነፍን። የሚሺጋን ልጆች ባንዲራቸውን በሜዳው መሐል ሊተክሉ ሞከሩ፤ ድብድብ ተነሣ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ርጭት ረጨ። በዚያ ቅጽበት ወንድሜ ተነሥቶ ቢጫና ሰማያዊ ስካርፉን በእንጨት ላይ አሰረና እናቴ ጤና አዳም በተከለችበት ማሰሮ ውስጥ ተከለው። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ወጥቼ ሄድኩ።

በጥር 2025 ኦሃዮ ስቴት ኖትር ዳምን 34 ለ 23 አሸንፎ የአገር ሻምፒዮን ሆነ። ወንድሜ «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ጻፈልኝ። ዋንጫው የኅዳሩን ቀን አላጠበልኝም። በቀጣዩ ኅዳር በበረዶ ውስጥ አን አርበር ላይ 27 ለ 9 ስናሸንፋቸው ቤቴ ብቻዬን አየሁት። አልደወልኩም፤ አልደወለም። እንደዚያ ያለ ድል ሰው ሳይሰማልኝ አለፈ።

አሁን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 19 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ኮሎምበስ ላይ ይገናኛሉ። እንደ ልማዱ በእነርሱ ቀትር ከሆነ ለእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እናቴ ቀኑ የገብርኤል መሆኑን ስትሰማ «ሁለታችሁም እዚህ ታዩታላችሁ» ብላ ቆርጣለች። ልሂድ? ከሄድኩስ የቀልዱ ድንበር የቱ ጋ ነው?

---

የለገሃሩ፦

እህቴ፣ ይህን ሞላላ ኳስ አላውቀውም፤ ባላንጣነትን ግን አውቃለሁ። አባቴ የጥጥ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበር። የፋብሪካው ቡድን በፈረንጆች ከ1960 እስከ 1965 ባለው ጊዜ አራት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። አባቴ የዋንጫዎቹን ነገር ሲያነሣ ስለ ጎሎቹ ብዙ አያወራም ነበር፤ የሚያወራው የአዲስ አበባ ቡድኖች በባቡር መጥተው ለገሃር ሲወርዱ ሕዝቡ እንዴት እንደሚጠብቃቸው ነው። «ዛሬ ታያላችሁ» እየተባሉ እስከ ማረፊያቸው ይሸኛሉ፤ ማታ ደግሞ ከዚያው ሕዝብ ጋር ተቀምጠው ይጫወታሉ።

የራሴን ልንገርሽ። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚሁ ድሬዳዋ ሲደረግ ልጅ ነበርኩ። ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር መጡ። የእኛ ቡድን አዲስ አበባ ነው የሚጫወተው፤ ስለዚህ የሰፈር ልጅ ሁሉ አገር መረጠ። ታላቅ ወንድሜ ያለፈውን ሻምፒዮን ዛየርን ያዘ፤ እኔ ሱዳንን፤ ጎረቤት ናት ብዬ። ሁለቱም ከምድቡ ሳያልፉ ቀሩ። እኔ የራሴን ትቼ በእርሱ ሳቅሁበት፤ ሁለት ቀን ዘጋኝ። በሦስተኛው ቀን ኳስ ይዞ በር ላይ ቆመ፤ ምንም ሳይል ወደ ደቻቱ አሸዋ ወረድን። አሁን እርሱ ከአገር ውጭ ነው፤ ኳስ ሳይ ከማን ጋር እንደምከራከር አላውቅም። ሂጂ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ ለተማሪዎች ጨዋታ መቶ ሺህ ሰው ከየት ይመጣል?

---

ሰማያዊ ከጀጎል፦

እኔ ሚሺጋን ነኝ፤ አን አርበር ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ስለዚህ የወንድምሽን ወገን ልያዝ። የ2016ቱ ኳስ አልደረሰም። የዚያን ቀን አሠልጣኛችን ጂም ሃርቦ ከጨዋታው በኋላ ምን ያህል እንደጎደለ በሁለት እጁ ለክቶ አሳይቷል፤ እኔም በዚያው ልክ እምላለሁ።

2024ም ቢሆን ዕድል አልነበረም። ሚሺጋን ኳስ በመወርወር ያገኘው ከመቶ ያርድ በታች ነው፤ ያሸነፈው በመግፋት ነው። ኦሃዮ ሁለት ጊዜ ኳሱን በአየር ላይ ተነጠቀ፤ ሁለት ቀላል ፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ በምሰሶዎቹ መካከል ሲያልፍ ሦስት ነጥብ የሚያስገኝ ኳስ) ሳተ። እኛ ደግሞ ከእረፍት በፊት ከሃምሳ አራት ያርድ አስገባን፤ ማሸነፊያውን አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀር መታነው። ይህ ጨዋታ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ወረቀት ላይ ያለው ልዩነት በረዶው ላይ ይጠፋል። በ1950 ኮሎምበስ ላይ ዐውሎ በረዶ እየወረደ ሚሺጋን አንድ ጊዜ እንኳ ዐሥር ያርድ ሳይሞላ 9 ለ 3 አሸንፏል። በ1969 አሠልጣኛችን ቦ ሼምቤክለር በመጀመሪያ ዓመቱ፣ የአገሪቱ አንደኛ የነበረውን የውዲ ሄይስን ኦሃዮ 24 ለ 12 ጣለ። ሼምቤክለር የሄይስ ረዳት የነበረ ሰው ነው! ከዚያ በኋላ ሁለቱ ዐሥር ዓመት ተፋለሙ፤ ወዳጅነታቸው ግን አልፈረሰም።

ባንዲራውን በተመለከተ ግን ወንድምሽ ተሳስቷል። በሜዳው ላይ የሆነውም ስሕተት ነበር፤ ለዚያ ነው ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዳቸው 100,000 ዶላር የተቀጡት። ያሸነፈ ሰው ውጤቱ ይበቃዋል። ያውም የእናት ማሰሮ ላይ! የሐረር ሰው ይህን ማድረጉ እኔንም አሳፈረኝ።

---

ነዋሪ ከኮሎምበስ፦

ለየለገሃሩ፦ ኮሎምበስ በትልቁ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ፣ በኤን ኤፍ ኤል፣ ቡድን የላትም። የከተማው ፉትቦል ይህ ነው፤ አያቱ የተማረበት፣ አባቱ የተማረበት፣ ያልተማረውም ሰፈሩ ስለሆነ የእኔ የሚለው። ባለፉት ዓመታት ግን ብዙ ተለውጧል። ተጫዋቾች ከ2021 ጀምሮ በስማቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ፤ ከ2025 ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ይከፍሏቸዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወርም ቀሏል። እኔ የምፈራው ከሌላ ግዛት ለአንድ ዓመት የመጣ ልጅ ይህን ጨዋታ እንደ ሌላው ቅዳሜ እንዳያየው ነው። እስካሁን ግን እንደዚያ ሲሆን አላየሁም። ኅዳር ሲደርስ ከተማው ራሱ ያስተምራቸዋል።

ስለ ዘንድሮው፦ አሠልጣኛችን ራያን ዴይ አራት ጊዜ በተከታታይ በሚሺጋን ተሸንፎ አምና ነው የተነፈሰው። በዚያ ጨዋታ ሚሺጋን አንድም ተችዳውን (ኳሱን እስከ ሜዳው መጨረሻ ክልል አድርሶ የሚገኝ ስድስት ነጥብ) አላስቆጠረም፤ ዘጠኙም ነጥብ በፊልድ ጎል ነው። አሁን ግን ሚሺጋኖች የዩታ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ከሃያ ዓመት በላይ የመራውን አሠልጣኝ ካይል ዊቲንግሃምን አምጥተዋል። የእርሱ ቡድኖች ፊት ለፊት በመግፋት የታወቁ ናቸው፤ በ2024 ያሸነፈን ደግሞ ያ ዓይነት ጨዋታ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ «በሜዳችን ነው» ብለሽ ልብሽን አታሳርፊ። መስመሩ ላይ ያሉት ትልልቅ ልጆች ምን እንደሚሠሩ እዪ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጊዜ ኳስ ስንይዝ በሩጫ ከገፋን ሌሊቱ ቀላል ነው።

---

የመጋላዋ እናት፦

ልጄ፣ አብሽሪ። እኔ የሦስት ወንዶች እናት ነኝ፤ ሁለቱ በእንግሊዝ ቡድኖች ሲጣሉ ያደጉ ናቸው። ቤቴ ሕግ አለው። ማልያ ይለበሳል፤ ባንዲራ ግን ከበር ውጭ ይቀራል። ጨዋታው ሲያልቅ የተሸነፈው መጀመሪያ ይናገራል፤ ያሸነፈው እርሱ እስኪናገር ዝም ይላል። ከፈለገ ግማሽ ሰዓት ዝም ይበል፤ ይጠበቃል። ይህን ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ ከእርሳቸው አፍ ሲወጣ ወንድምሽም ይሰማል። ደግሞ እርሱ ሳይደውል ቀረ አትበይ። ታላቂቱ አንቺ ነሽ።

---

የከዚራዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጋላዋ እናት፣ የመጨረሻዋ ቃልዎ ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለስብኝ አደረች። ዛሬ ጠዋት ደወልኩለት። ስለ ባንዲራው አላነሣሁም፤ እርሱ ግን ስልኩን እንዳነሣ «ጤና አዳሙ በቀለ ወይ?» አለኝ። በቅሏል አልኩት። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ሌላ ነገር ማውራት አልቻልንም።

ተስማምተናል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በደንገጎ ወርዶ ይመጣል፤ ጾም ስለሆነ የባቢሌ ኦቾሎኒ ይዞ፣ እኔ ደግሞ ምስር ሳምቡሳ እሠራለሁ። ስካርፉን አንገቱ ላይ ያደርጋል፤ ከአንገቱ አይወርድም። የተሸነፈው መጀመሪያ ይናገራል የሚለውን ሕግ እናቴ ወዳዋለች፤ እንዲያውም እርሷ ራሷ ሰዓት ልትይዝ ነው።

የለገሃሩ፣ ከዚራ ቅርብ ነው፤ የሚከራከሩት ሰው ከፈለጉ እናቴ አንድ ወንበር ታስቀምጥልዎታለች። ደንቡን ከእረፍት በፊት አስተምርዎታለሁ።

ሰማያዊ ከጀጎል፣ ስለ ማሰሮው ለተናገርከው አመሰግንሃለሁ። ስለ 2016 ግን የጻፍከውን አልቀበልም። ሃርቦ በእጁ ለክቶ ያሳየው ከሜዳው ዳር ሆኖ ባየው ነው፤ ዳኞቹ በቪዲዮ አይተዋል። ኳሱ ደርሷል።