በጣና ሐይቅ የደቅ ደሴት የዕለት የአዕዋፍ ቆጠራ፦ የጋራ ፕሮፖዛል የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦ የፕሮፖዛሉ ረቂቅ የቆጠራውን ዓላማ «በደሴቱ የሚገኙ አዕዋፍን ዝርዝር ማዘጋጀት» ይላል። ይቀየር እላለሁ። ዝርዝር ቶሎ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ቆጣሪው ብርቅ ወፍ ብቻ ማሳደድ ይጀምራል። እንቦጭ ውሃውን ሲሸፍን ጠልቆ ዓሣ የሚይዘው ወፍ መሸሹን በማስረጃ መናገር የምንችለው፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ መንገድ ስንቆጥር ነው።

የመስክ ቡድን፦ ትክክል። መንገዱ ግን ጎረቤት ደሴት ዳጋን አይንካ። እዚያ ያለው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባበት፣ ሴት ቆጣሪ ተረኛ በሆነች ቁጥር መረጃው ይቋረጣል። በናርጋ ሥላሴ ገዳም በኩል ያለው የደቅ ምዕራብ ዳርቻ ይሻላል፤ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባ ስለምትሆን የወፉ ቀለም ይለያል። ከ12፡30 እስከ 2፡30፣ አምስት ቋሚ ነጥቦች፣ በእያንዳንዱ 10 ደቂቃ። ረፋዱ ላይ ከውሃው የሚነሳው ሙቀት በቴሌስኮፕ የሚታየውን ያርገበግበዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማዕበል አለ።

የመረጃ ክፍል፦ ቅጹ ላይ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ የቆጣሪዎች ብዛት፣ ነፋስና ደመና ይኑሩ። ከሁሉ በላይ ዜሮ ይጻፍ! ባዶ የተተወ ሳጥን «አልታየም» ይሁን «አልተቆጠረም» ከዓመት በኋላ የሚለይ የለም። ትልቅ መንጋ ሲመጣ አሥር ወፍ ቆጥሮ፣ የያዙትን ስፋት በዓይን ይዞ ቀሪውን በዚያ መለካት ነው፤ ቁጥሩ ጎን «ግምት» ይባል። ፔሊካን ከነጥብ ወደ ነጥብ እየበረረ ሁለቴ ስለሚቆጠር፣ በራሪ ሁሉ ከሰዓቱና ከአቅጣጫው ጋር በተለየ ረድፍ ይግባ።

የመስክ ቡድን፦ የሐይቁ ከፍታም ይጨመር። ጣና ከጥቅምት እስከ ሰኔ እየወረደ ይሄዳል። ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ይገለጥና ጭቃ እየቆረቆሩ የሚመገቡ ወፎች ይከማቻሉ፤ ከፍታውን ያላየ ሰው «ቁጥራቸው ጨመረ» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። በሴንቲሜትር የተሰመረ አንድ ዘንግ ይበቃል። የቆጠራ ነጥቦቹ ግን በጂፒኤስ ተይዘው ደረቅ መሬት ላይ ይተከሉ፤ ዳርቻውን እየተከተሉ አይንሸራተቱ።

የመረጃ ክፍል፦ ማታ 1 ሰዓት ላይ ተሰብስቦ የየወፉን ስም እየጠሩ ቁጥሩን ማስታረቅም ግዴታ ይሁን፤ ማደር ያስረሳል። እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው የስኮትላንዱ ፌር አይል የወፍ መከታተያ ጣቢያ ሕንፃው በ2019 በእሳት ወደመ፤ መዝገቡ ግን በዲጂታል ተቀድቶ ስለነበር ተረፈ። እኛም በእርሳስ እንጻፍ፣ ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈስሳል። ገጹ በዚያው ምሽት ፎቶ ይነሳ፤ ቅጂው ባሕር ዳር ይቀመጥ።

አዲስ አባል፦ ወፍ በመረብ ይዞ፣ በኋላ እንዲለይ እግሩ ላይ ቀለበት ማሰርስ?

አስተባባሪ፦ ለመጀመሪያው ዓመት ይቆይ። ፈቃድና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። መረቡ በየ20 እስከ 30 ደቂቃው ካልታየ ወፉ በፀሐይ ይሞታል፤ በሁለት ቆጣሪ የሚሆን ሥራ አይደለም። በጀቱ ወደ ሰው ይሂድ፦ ሁለቱ ቋሚ ቆጣሪዎች ከደቅ ነዋሪዎች ይቀጠሩ፤ ያኔ የጀልባ ነዳጅ በሳምንት አንዴ ብቻ ይሆናል። 8×42 ባይኖኩላር ሦስት (አንዱ መጠባበቂያ)፣ ቴሌስኮፕ ከነማቆሚያው አንድ። የመስክ ቡድን የነጥቦቹን ካርታ፣ የመረጃ ክፍል ቅጹን እስከ ዓርብ ላኩልኝ።