ከጅማ ወደ አልፕስ፦ ሻሞኒ ለጀማሪ ይሆናል?

ጥያቄ (ሂርማታ፣ ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከጥምቀት በኋላ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ወንድሜና እናታችን ለአንድ ሳምንት አልፕስ ልንሄድ አስበናል። ዤኔቫ የምትኖረው ታላቅ እህቴ የፈረንሳይዋን ሻሞኒን ጠቁማናለች። ስኪ በቴሌቪዥን ካልሆነ አይተን አናውቅም። እማዬ በረዶ ላይ መውጣት አትፈልግም፤ ስለዚህ ከተማው ራሱ ሞቅ ያለ፣ ማታ ወጣ ተብሎ ሰው የሚታይበት ቢሆን ደስ ይለናል። ቪዛውን ከማን እንጠይቅ? ምን እንልበስ? ትኬቱንስ አሁን እንቁረጥ?

መልስ (ሊዮን)
ለእናትሽ ከሻሞኒ የተሻለ ቦታ አይታየኝም። እ.ኤ.አ. በ1924 የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደባት ናት፤ ስኪ ለማይወድ ሰውም ካፌው፣ ሱቁና ባቡሩ አለ። ለእናንተ ግን ጠንቀቅ በሉ። ሻሞኒ የምትታወቀው በቀጥ ያሉ ተራሮቿ ነው፤ መንሸራተቻዎቹም አንድ ቦታ የተሰበሰቡ ሳይሆኑ በሸለቆው ዳርና ዳር የተበታተኑ ናቸው። ለጀማሪ የሚሆነው መሀል ከተማው አጠገብ ያለው «ለ ሳቮይ» የሚባለው ነው፤ ትንሽ ስትለምዱ ደግሞ በአውቶቡስ ሸለቆው ጫፍ ወዳለው «ለ ቱር» ትሄዳላችሁ። ማረፊያችሁ መሀል ከተማ ይሁን፤ ራቅ ያለውን በርካሽ ብታገኙት እንኳ እናትሽ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ትቀመጣለች።

የሳምንቱን ሙሉ የሊፍት (ተንሸራታቹን ወደ ተራራው የሚያወጣው የገመድ ማጓጓዣ) ካርድ በመጀመሪያው ቀን አትግዙ። ጀማሪ የስኪውን ጫፍ አቀራርቦ ኋላውን ከፍቶ መቆም እስኪችል ድረስ ከጀማሪዎች ትንሿ ሜዳ አይወጣም፤ ለእሷ የሚሸጠው ትኬት በጣም ይረክሳል። የተረፈውን ብር ለአስተማሪ ክፈሉ። የቡድን ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ወይም ሰኞ ስለሚጀምር ቅዳሜ ድረሱ፤ ስትመዘገቡም በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ጠይቁ። የመንሸራተቻዎቹን ቀለሞች ልመዱ፦ አረንጓዴ በጣም ቀላሉ ነው፣ ሰማያዊ ይከተላል፣ ቀይና ጥቁር የእናንተ አይደሉም።

የመረጣችሁት ጊዜ ጥሩ ነው። የካቲትን ሽሹ፤ የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ስለሚዘጉ የማረፊያ ዋጋ ይንራል፣ የሊፍቱም ሰልፍ አይጣል ነው።

መልስ (ቦሌ)
ስለ ቪዛው፦ ዤኔቫ አረፋችሁ ማለት ቪዛው ከስዊዘርላንድ ይጠየቃል ማለት አይደለም። ብዙ ሌሊት የምታድሩበት አገር ነው የሚሰጠው። ሻሞኒ ፈረንሳይ ውስጥ ናት፤ አምስት ሌሊት እዚያ፣ ሁለት ሌሊት እህትሽ ጋ ካደራችሁ ፈረንሳይን ጠይቁ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ስለሚቻል እስከ ኅዳር አትጠብቁ። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ በአካል መምጣት አለባችሁ። ቪዛው ሳይመታ ትኬት አትግዙ፤ ለማመልከቻው ቡኪንግ ይበቃል።

ለቪዛው የሚጠየቀው የጉዞ ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ወረቀቱን ግን አንብቡት፤ ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ስኪን አይጨምሩም። ፈረንሳይ ውስጥ ከመንሸራተቻ ላይ ተሸክመው ሲያወርዱህ ሂሳቡ ይመጣብሃል። ከሊፍት ትኬቱ ጋር በቀን ጥቂት ዩሮ የሚሸጥ ተጨማሪ ኢንሹራንስ አለ፤ እሱን ግዙ።

መልስ (ኢንስብሩክ)
እኔ ደግሞ ወደዚህ ኑ እላለሁ። የኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ እ.ኤ.አ. የ1964ና የ1976 የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደባት፣ ተማሪ የሞላባት ከተማ ናት፤ ከመሀል ከተማው ተነስቶ ተራራው ላይ የሚያወጣ የገመድ መኪና አላት። ሞቅ ያለ ከተማ ካላችሁ ይቺ ናት። እርግጥ ዤኔቫ እህት ያለው ሰው ቪየና ወርዶ አራት ሰዓት ባቡር ላይ ቢቀመጥ ምን ይሉታል?

መልስ (ሊዮን)
ልብሱን ረሳሁት። ጥጥ አትልበሱ፤ ላብ ይዞ ይቀዘቅዛል። ከውስጥ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ሙቀት ሰጪ የውስጥ ልብስ፣ ከላዩ ፍሊስ (ለስላሳ ሞቃት ሹራብ)፣ ከዚያ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። እነዚህን ከሰልባጅ ፈልጉ፤ ደህና ደህናው ይገኛል። ጓንትና መነጽር ግን ደህናውን ግዙ። ስኪው፣ ጫማውና ሄልሜቱ እዚያው ይከራያል። ጫማው ውስጥ ሁለት ካልሲ አይደረብም፤ አንድ ወፍራም ይበቃል። ጥቁር ነን ብላችሁ የፀሐይ ቅባቱን አትናቁ፤ አዲስ በረዶ ጨረሩን እስከ 80 በመቶ መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል። ጋቢው ማታ ቤት ውስጥ ይጠቅማል።

ለእህትሽ ቅቤና ቋንጣ አትያዙ፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ኤርፖርት ላይ ይወረሳል። የጅማ ቡና ግን ያልፋል።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ቀረኝ፤ እማዬ ደም ግፊት አለባት። ከፍታው አይከብዳትም?

መልስ (ሊዮን)
ከተማው አይከብዳትም። ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ላይ ናት፣ ሻሞኒ 1,035 ሜትር፤ ወደ ታች ነው የምትወርደው። የሚያሰጋው ኤግዊ ዱ ሚዲ የሚባለው የገመድ መኪና ነው፤ በሃያ ደቂቃ ገደማ 3,777 ሜትር ላይ ያወጣል። ሐኪሟ ካልፈቀደ ይቅርባት። በምትኩ ሞንታንቬር በሚሉት ቀይ ባቡር ውሰዷት፤ 1,913 ሜትር ላይ ቁጭ ብላ የበረዶ ግግሩን ታያለች፣ ከፍታው ከቤቷ ብዙም አይበልጥም። ለጥገና የሚዘጋባቸው ቀኖች ስላሉ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቀኑን እዩ።