አልባታኒ ያለ ቴሌስኮፕ የዓመቱን ርዝመት እንዴት አገኘው?

የጣና ዳሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ሒሳብ አስጠናለሁ። አንዱ ተማሪዬ ስለ ጥንቱ የሥነ ፈለክ ሊቅ ስለ አልባታኒ አንብቦ መጥቶ አፋጠጠኝ። ሰውዬው ከ1,100 ዓመት በፊት ዓመት ማለት 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው ብሏል። ዛሬ የሚታወቀው 5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ነው። ቴሌስኮፕ የለ፣ ደህና ሰዓት የለ፣ ሰከንዱን ከየት አመጣው? እዚህ ድረስ ከደረሰስ 2 ደቂቃዋን ምን በላት?

መሪ ኮከብ፦
ሰከንዱን አልለካውም ወንድሜ፣ አካፍሎ ነው ያገኘው። እ.ኤ.አ. በ882 መስከረም ላይ ራቃ ሆኖ፣ ኤፍራጥስ ዳር፣ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበትን ጊዜ ለካ። ከዚያ የጥንቱ የግሪክ ሥነ ፈለክ ሊቅ ቶለሚ በ139 የመዘገበውን አወጣና በመሃል ያለፉትን ቀናት ለ743 ዓመት አካፈላቸው። ዘመኑ ሲረዝም የአንድ ቀን ስህተት እንኳ ለብዙ ዓመት ስለሚከፋፈል ትንሽ ይሆናል።
ጣጣው የመጣው ከቶለሚ ነው። ከአንድ ቀን በላይ አዘግይቶ ነበር የመዘገበው። ልጁን 2 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ በ743 አባዛ በለው፣ 29 ሰዓት ገደማ ይመጣለታል። የአልባታኒ የራሱ ልኬት ጥሩ ነበር፣ ያመነው ሰው ነው ጉድ የሠራው!

እማማ ፊዚክስ፦
እኔ የምወድለት ግን ቶለሚን ዝም ብሎ አለመቀበሉን ነው። የአልባታኒ ትውልዱ ሐራን ነው፣ አብርሃም የተቀመጠባት ካራን ማለት ነው። ከ877 እስከ 918 ሰማይ ሲለካ ኖሮ 489 ኮከቦች መዝግቧል። የፀሐይ ስፋት ከምድር ሲታይ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ስለዚህ ጨረቃ መሃል ገብታ ዳር ዳሩ ቀለበት ሆኖ ሊታይ ይችላል አለ። በኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የታየው እኮ ያው ነው፤ እኛ ባሕር ዳሮች ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ስላልን ቀለበቱ አልሞላልንም እንጂ። አሁንም ያናድደኛል። በማዕዘን ስሌትም ከግሪኮቹ አውታር (የክብን ሁለት ነጥቦች የሚያገናኝ መስመር) ይልቅ ዛሬ ትምህርት ቤት የምንማረውን ሳይንን (sine) ተጠቅሟል። ምድር ፀሐይን ትዞራለች ያለው ኮፐርኒከስም በ1543 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ደጋግሞ ይጠቅሰዋል።

የጣና ዳሩ፦
እናመሰግናለን እማማ! የኛ አቆጣጠርስ? 6 ሰዓት ሙሉ አይደል የሚይዘው?

መሪ ኮከብ፦
አዎ፣ በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን 6 የምናደርጋት ለዚያ ነው። ከእውነተኛው በ11 ደቂቃ ገደማ ይበልጣል፣ በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሆናል። አልባታኒ ያሳጠረው በ2 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ እሱ ይሻላል፣ አትቀየሙኝ።
ልጆቹን ግን በቁጥር ብቻ አታድክማቸው። ሐይቁ ዳር ሜዳ ቦታ ፈልገህ የ1 ሜትር ዱላ ቀጥ አድርገህ ትከል። የኛ እውነተኛ እኩለ ቀን 6 ሰዓት ላይ አይደለም፣ ወደ 6 ተኩል ነው። መጋቢት 11 አካባቢ ጥላው ወደ ሰሜን 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሚያዝያ 13 አካባቢ ጭራሽ ይጠፋል። ሰኔ ላይ ወደ ደቡብ ዞሮ ታገኘዋለህ።

የጣና ዳሩ፦
ወደ ደቡብ? ይሄንንስ ሳላየው አላምንም። ለሚያዝያ ይዘናል። ተመልሶ የሚጠፋበት ቀንም አለ አይደል?

እማማ ፊዚክስ፦
አለ፣ ነሐሴ 16 አካባቢ። በዚያ ደመና ግን ዱላውንም አታየው።