ተኳርፈው የኖሩ ሁለት ጀግኖችን እንዴት ላስታርቅ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ስለ ሱፐርሂሮ ባልና ሚስት ኮሚክ እየሳልኩ መጨረሻው ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሷ ጎርፍ ታቆማለች፣ እሱ ቋጥኝ ያነሳል። ተኳርፈው እሷ ሞጣ ቀረች፣ እሱ ዓባይን ተሻግሮ ጎንደር ገባ። የሚገናኙት ሰባራ ድልድይ ላይ ነው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የፈረሰውን ቅስት መሀል አድርገው ወዲያና ወዲህ ቆመው፣ ነፋሱ ነጠላዋን እያነሳው። ሥዕሉ አልቋል፣ የሚናገሩት ግን ጠፋኝ። ሽማግሌ ላስገባ አልኩ፣ በእኛ አገር እርቅ ያለ ሽማግሌ አይሆንማ፤ ግን ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ ሁለቱ ዝም ይሉብኛል። ዘለው ቢተቃቀፉ ደግሞ ያ ሁሉ ቂም የት ገባ ያሰኛል። መጀመሪያ ማን ይናገር? ምን ብሎ? በተለይ ተኳርፋችሁ የታረቃችሁ ባለትዳሮች፣ እባካችሁ ንገሩኝ።