«ከአባቶች ጋር ይቀበራል» ማለት ምን ማለት ነው?

የዋሸራ ተማሪ፦ ትናንት ማርቆስ ላይ አንድ ወጣት «የጎጃም ቅኔ ተቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ካልወጣ ከአባቶች ጋር ይቀበራል» ሲል ሰማሁት። እንቅልፍ ነሳኝ። የቅኔ ቤታችን ዋሸራ በድምፅ መቅጃ ነው እንዴ እዚህ የደረሰው? ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ ይዘረፋል። ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። መምህሩ ቢያልፉ ደቀ መዝሙሩ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። ምኑ ነው የሚቀበረው?

የጎንጅ ልጅ፦ ጎንጅን መጥራት ለምን ከበደህ? ሁልጊዜ ዋሸራ፣ ዋሸራ!

የዋሸራ ተማሪ፦ ጎንጅም ዲማም የኛው የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ናቸው። ከነገሩ አታውጣን።

ብቸናዋ፦ ወንድሜ፣ ደቀ መዝሙር ያለው ቅኔ ነው። አያቴ ሙሾ አውራጅ ነበረች። የሟቹን ዘር፣ ያረሰውን መሬት፣ የዋለበትን ጦር ሜዳ በግጥም ታወርደው ነበር። ከእሷ ሊማር የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። አምና አረፈች። ስልክ በየኪሳችን ነበር፣ አንድ ስንኝ አልቀረጽንም። «ይቀበራል» ያለው ልጅ ልክ ነው። እኔ ቀብሬዋለሁ።

የዋሸራ ተማሪ፦ ነፍስ ይማር እህቴ። ልጁ ያለው ግን ቅኔ ነው፣ ሙሾ አላለም።

የእንጅባራው፦ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጎጃም ሲባል ቅኔ ብቻ! እኛ የአዊ አገዎችስ? አዊኛ ዛሬ በትምህርት ቤት ይሰጣል፣ እሰየው። አያቴ እሳት ዳር የሚነግሩንን ተረት ግን የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም። ጣና ዳር ያሉትን ነገደ ወይጦን እዩ። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። መቀበር ማለት እሱ ነው።

የማርቆስ ልጅ፦ መቅረጹን ማን ጠላ? ቁልፉ ማን ጋ ይሁን ነው ጥያቄው። በ1960ዎቹ የየገዳማቱና የየደብሩ ብራና በማይክሮፊልም መነሳት ጀመረ። ወደ 9,000 ገደማ ተነሳ። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገባ። የኛ ደብር ተማሪ ግን ያንን ቅጂ በዓይኑ አላየውም።

ብቸናዋ፦ ባይነሳ ኖሮ የተሰረቀውንና የተቃጠለውን በምን እናየው ነበር?

የማርቆስ ልጅ፦ ይነሳ እኮ ነው የምለው! ግን ልጆቻችን ይቅረጹት፣ አንዱ ቅጂ መጀመሪያ ደብሩ ዕቃ ቤት ይግባ። ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር የሰንበቴው ማኅበር ይወስን። የመድኃኒት ቅጠል ዕውቀት ለማንም አላፊ አግዳሚ አይነገርም። ሳይጠይቁ መልቀቅ ዘረፋ ነው።

የጎንጅ ልጅ፦ «ዘረፋ» የሚለውን ቃል ለሌባ አትስጥብን። የቅኔ ቃል ነው።

የማርቆስ ልጅ፦ እሺ፣ ስርቆት ነው።

የዋሸራ ተማሪ፦ አሁንም እላለሁ፣ ቅኔ አይቀበርም።

ብቸናዋ፦ ቅኔውን ተወው። የኔታ ቅኔ ሲነግሩ ድምፃቸውን ልጅህ እንዲሰማው በሞቴ አትመኝም?

የዋሸራ ተማሪ፦ እመኛለሁ። ይጠየቁ። እምቢ ካሉ ስልኩ ኪስ ይግባ።

የእንጅባራው፦ የኔ አያት እምቢ አላሉም። የሚጠይቃቸው ነው የጠፋው።